ሂትሮው ባዶ ሜዳ አልነበረም፦ ስለ ሪቻርድ ፌሪ የሣር ማረፊያ ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ስለ ለንደኑ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ አመሠራረት በቅርቡ በአማርኛ ቀርቦ ብዙ ሰው የተቀባበለው ጽሑፍ፣ በቋንቋችን እምብዛም ያልተነካ ጉዳይ በማንሣቱ ምስጋና ይገባዋል። ይሁን እንጂ ከዘመናዊው ማረፊያ በፊት በቦታው ስለ ነበረው አነስተኛ የግል የሣር ማረፊያ ያሰፈራቸው አምስት ነጥቦች ከታሪኩ ጋር አይገጥሙም። ነጥቦቹ ባጭሩ እነዚህ ናቸው፤ ቦታው ሽፍቶች ይመላለሱበት የነበረ ጠፍ መሬት ነው፤ የሣር ማረፊያው የአንድ ባለጸጋ መዝናኛ ነበር፤ መንግሥት ቦታውን የወሰደው ጦርነቱ አስገድዶት ነው፤ ባለቤቱም ተገቢውን ካሳ በጊዜው ተቀብሎ ተሰናብቷል፤ በመጨረሻም ያ የሣር ሜዳ ለዛሬው ሂትሮው ያበረከተው አንዳች ነገር የለም። በየተራ መልስ እሰጥባቸዋለሁ፤ ሦስተኛው ግን ከሁሉም የከበደ ስለሆነ እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ዓመታቱና ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ስለ ጠፍ መሬቱ የተባለው ሁለት የተለያዩ ዘመናትን ያደባለቀ ነው። ሀውንስሎ ሂዝ ይባል የነበረው ሰፊ ቁጥቋጦማ መሬት በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዘመን ከለንደን ወደ ምዕራብ የሚጓዙ ሠረገሎችን የሚዘርፉ ሽፍቶች መናኸሪያ እንደ ነበር እውነት ነው። ነገር ግን የጋራ ግጦሹ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ለባለ ይዞታዎች ተከፋፍሎ ከታጠረ በኋላ አካባቢው የእርሻ አገር ሆኗል። አፈሩ በጠጠር ንጣፍ ላይ የተኛ፣ ውሃ የማያቁር፣ ለአትክልት የተመቸ ለም አፈር ስለ ነበር፣ ገበሬዎቹ ያመረቱትን አትክልትና ፍራፍሬ በባዝ መንገድ በጋሪ እየጫኑ ለንደን ወደሚገኘው የኮቨንት ጋርደን ገበያ ያደርሱ ነበር፤ ሲመለሱም የከተማዋን የፈረስ ፍግ ይዘው መጥተው መሬታቸውን ያዳብሩበት ነበር። የሚድልሴክስ ገበሬዎች ማኅበር ያዘጋጀው 99ኛው የማረስ ውድድር በ1937 የተካሄደው እዚሁ ሂትሮው ላይ ነው። ሂትሮው የመንደር ስም ነበር፤ ቤቶች፣ ጎተራዎችና የፍራፍሬ ዛፎች የነበሩት፣ ሰዎች ተወልደው ያረጁበት መንደር። ጠፍ መሬት ብሎ መጻፍ እነዚህን ሰዎች ከታሪክ ማውጣት ነው።

የመሬቱ ሜዳነትም ቢሆን አውሮፕላን ከመፈልሰፉ ከመቶ ዓመታት በፊት የታወቀ ነበር። ጄኔራል ዊልያም ሮይ በ1784 የእንግሊዝን ካርታ በትክክለኛ ልኬት ለመጀመር የሚያስችለውን የመነሻ መስመር የለኩት በሂትሮው አቅራቢያ ከሚገኘው ኪንግስ አርበር ተነሥተው ወደ ሃምፕተን ነው። ስምንት ኪሎ ሜትር ከሚበልጠው የዚያ መስመር ሰሜናዊ ጫፍ ላይ ምልክት እንዲሆን የተቀበረው መድፍ ዛሬም በማረፊያው ሰሜናዊ ጠርዝ አጠገብ ይታያል። ቦታው ለመለኪያ የተመረጠው ሜዳና እንቅፋት የሌለበት በመሆኑ ነው፤ የሣር ማረፊያ የሠሩትም ሰዎች የፈለጉት ይህንኑ ጠባዩን ነው።

ሁለተኛው ነጥብ የሪቻርድ ፌሪን ማረፊያ መዝናኛ ያደርገዋል። ፌሪ በ1915 የአውሮፕላን ፋብሪካ ያቋቋሙ ኢንዱስትሪያዊ ናቸው፤ ፋብሪካቸውም ከሂትሮው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሄይስ የነበረ ሲሆን፣ አጠገቡ የሚያስነሣ ሜዳ ስላልነበረው የተሠሩት አውሮፕላኖች የሚፈተኑት በኖርዝሆልት ነበር። ኖርዝሆልት የአየር ሚኒስቴሩ ይዞታ ነው። በ1928 ሚኒስቴሩ ኩባንያው ቦታውን እንዲለቅ አስታወቀ። አውሮፕላን የሚሠራ ሰው የሚፈትንበት ሜዳ ካጣ ሥራው ቆመ ማለት ስለሆነ፣ ፌሪ ምትክ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። በዚህ ጊዜ ዋና የሙከራ አብራሪያቸው ኖርማን ማክሚላን፣ በ1925 ችግር ገጥሟቸው በድንገት ያረፉበትን፣ መልሰውም ያለ ችግር የተነሡበትን በሂትሮው መንደር አጠገብ ያለ መሬት አስታወሱ። አካባቢውን ከአየር ላይ ደጋግመው ከተመለከቱ በኋላ ለዚህ ሥራ የሚሆን ቦታ ነው ብለው መሰከሩ። ኩባንያውም የሃርመንድስዎርዝን አጥቢያ ቄስ ጨምሮ ከአካባቢው ባለ መሬቶች በስምምነት 150 ኤከር ያህል፣ ማለትም 60 ሄክታር ገደማ ገዛ። ማንም አልተፈናቀለም፤ ሻጭና ገዢ ተስማምተው የተፈጸመ ግዢ ነው።

ሥራው እንዴት እንደ ተሠራ ማስታወሱ የጸሐፊውን «መዝናኛ» ይመልሳል ብዬ አምናለሁ። መሬቱ ተደልድሎ፣ ውሃ እንዳይተኛበት ተስተካክሎ፣ ሣሩ በባለሙያዎች ለምቶ በ1930 አገልግሎት ላይ ዋለ፤ በጠርዙም አንድ ትልቅ ሐንጋር፣ ማለትም የአውሮፕላን መጠለያ፣ ተተከለ። በዚያ ዘመን የሣር ሜዳ የድህነት ምልክት አልነበረም። የጊዜው አውሮፕላኖች ቀላልና ነፋስ በጎን ሲመጣባቸው የሚቸገሩ ስለ ነበሩ፣ አብራሪው ነፋሱ ከየትም አቅጣጫ ቢነፍስ ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ የሚነሣበትና የሚያርፍበት ክፍት ሜዳ ከአንድ ጠባብ ማኮብኮቢያ ይልቅ ይመቸው ነበር። ብዙዎቹም ከጅራታቸው በታች በጎማ ፋንታ የሚጎተት ሸርተቴ ነበራቸው፤ እሱም ሣሩን እየጫረ የፍሬን ሥራ ይሠራል። ስለዚህ ደንበኛ የሣር ሜዳ መሥራት የራሱ ጥበብና ወጪ ያለው ነገር ነበር።

ከዚህ ሜዳ ምን እንደ ተነሣም እንመልከት። ሄንደን የተባለው ከባድ ቦምብ ጣይ በኅዳር ወር 1930 የመጀመሪያ በረራውን እዚህ አደረገ። ሶርድፊሽ የተባለው ቶርፔዶ ጣይ ናሙና ሚያዝያ 17 ቀን 1934፣ ባትል የተባለው ቦምብ ጣይ መጋቢት 10 ቀን 1936፣ አልባኮር ደግሞ በታኅሣሥ 1938 ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚሁ ሣር ላይ ተነሡ። አውሮፕላኖቹ በሄይስ ተሠርተው በመንገድ ተጎትተው ይመጣሉ፤ በሐንጋሩ ይገጣጠማሉ፤ ይፈተናሉ። ግሬት ዌስት ኤሮድሮም እየተባለ የተጠራው ይህ ሜዳ ከ1935 እስከ 1939 የብሪታንያ የአቪዬሽን ባለሙያዎች ማኅበር የሆነውን የሮያል ኤሮኖቲካል ሶሳይቲን ዓመታዊ ግብዣ አስተናግዷል፤ ምናልባት ጸሐፊው ስለ ባለጸጎች መዝናኛ የጻፉት የዚያን ግብዣ ፎቶግራፎች አይተው ይሆናል። ግን በዓመት አንድ ቀን እንግዳ የሚቀበል የሥራ ቦታ መዝናኛ አይባልም። ለእኛ አንባቢያን ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ በኅዳር 1940 ሌሊት ታራንቶ ወደብ ላይ የጣሊያንን ባሕር ኃይል መትተው ሦስት ታላላቅ የጦር መርከቦችን ከጥቅም ውጭ ያደረጉት ሶርድፊሾች ናቸው፤ ያኔ አርበኞቻችን በዱር በገደል ከዚሁ ጠላት ጋር እየተዋጉ ነበር።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ ልግባ። ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ፤ በ1944 ብሪታንያ በጦርነት ውስጥ ስለ ነበረች፣ የንጉሣዊው አየር ኃይል ወደ ሩቅ ምሥራቅ ወታደርና ስንቅ የሚያመላልሱ ትልልቅ አውሮፕላኖች የሚያርፉበት ቦታ ለንደን አጠገብ ስላስፈለገው፣ የአንድ ሰው የግል ሜዳ መወሰዱ አገር ለማዳን የተከፈለ መሥዋዕት ነው። ይህ አባባል ጸሐፊው የፈጠሩት አይደለም፤ የአየር ሚኒስቴሩ ራሱ በጊዜው ለጦር ካቢኔው ያቀረበው ምክንያት ይኸው ነበር። ያኔ የቀረበ ምክንያት መሆኑን እቀበላለሁ። የማልቀበለው እውነት ነው መባሉን ነው፤ የማልቀበለውም ምክንያቱን ያቀረቡት ሰው ራሳቸው እውነት አለመሆኑን ስለ መሰከሩ ነው።

እኒህ ሰው በአየር ሚኒስቴር የፓርላማ ምክትል ሚኒስትር የነበሩት ሃሮልድ ባልፉር ናቸው። በ1973 ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ውስጥ፣ በሚኒስቴሩ ከሠሯቸው የመጨረሻ ትልልቅ ሥራዎች አንዱ የለንደን ማረፊያ የቆመበትን መሬት እየተቃወሙ ከነበሩ የካቢኔ ባልደረቦቻቸው አፍንጫ ሥር ለሲቪል አቪዬሽን ነጥቀው መውሰዳቸው እንደ ነበር ጽፈዋል። ነጠቃ የሚለው ቃል ከበዛ ደግሞ የካቢኔ ኮሚቴን በማታለል ከሱ ባነሰ ጥፋት ጥፋተኛ ነኝ እስከማለት ደርሰዋል። ቦታው ከመጀመሪያው ለሰላም ጊዜ መንገደኞች ማረፊያ የታሰበ መሆኑን እያወቁ፣ ለአየር ኃይል አስቸኳይ ፍላጎት ነው ብለው አቀረቡ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማንም ሊያቀርብ አይችልም። ጸሐፊው ይህን ምስክርነት ሳይጠቅሱ የጦርነቱን ምክንያት እንደ ጸደቀ እውነት መውሰዳቸው የጽሑፋቸው ትልቁ ጉድለት ነው።

ለምን ማታለል አስፈለገ? ምክንያቱ ሕጉ ነው። መንግሥት መሬቱን ለሲቪል ማረፊያ በመደበኛው የግዳጅ ግዢ ሥርዓት ቢጠይቅ ኖሮ፣ ባለ መሬቱ ተቃውሞ ሊያሰማ፣ ጉዳዩም በአደባባይ ሊመረመር ይችል ነበር፤ ምርመራውም ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሌላ ቦታ ይሻላል የሚል ሰው ሊነሣም ይችላል። በ1939 በወጣው የጦርነት ጊዜ የመከላከያ ሥልጣን ግን መሬት ለጦርነቱ አስፈለገ ተብሎ ከተያዘ የአደባባይ ምርመራ የለም፤ ባለቤቱ ይነገረዋል፤ ይለቃል። እንግዲህ ጦርነቱ ያገለገለው ጥያቄውን ለመዝጋት ነው። ለካቢኔው የተነገረው ትክክለኛው ዓላማ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚወስን መገመት የጸሐፊውም የእኔም ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን ትክክለኛው ጥያቄ አንድ ጊዜም ሳይቀርብለት የወሰነ አካል የሰጠውን ውሳኔ «የአገር ውሳኔ» ብሎ መጥራት አይገባም።

የቀረው ታሪክ ደግሞ ባልፉር የተናገሩትን ያጸናል። ግንባታው በ1944 አጋማሽ ተጀመረ። እርግጥ ነው የመጀመሪያዎቹ ማኮብኮቢያዎች በአየር ኃይል ደንብ በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ታቀዱ፤ ጸሐፊውም ይህን እንደ ማስረጃ ይጠቅሱታል። ግን ግንባታው ሳያልቅ ጦርነቱ አለቀ፤ አየር ኃይሉም ቦታውን ለዚያ ለተባለው ዓላማ አንድ ቀን አልተጠቀመበትም። ጥር 1 ቀን 1946 ለሲቪል አቪዬሽን ሚኒስቴር ተላለፈ፤ በዚያው ቀን የብሪቲሽ ሳውዝ አሜሪካን ኤርዌይስ ላንካስትሪያን አውሮፕላን ወደ ቦነስ አይረስ ጉዞ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት 31 ቀን ማረፊያው ሙሉ ለሙሉ ለመንገደኞች ተከፈተ። የመጀመሪያዎቹ መንገደኞች ይስተናገዱ የነበሩት በባዝ መንገድ ዳር በተተከሉ ድንኳኖች ውስጥ ነው። ለጦርነት ተብሎ የተወሰደ ቦታ ጦርነት ሳያይ በጥቂት ወራት ውስጥ ድንኳን ተተክሎበት የሲቪል ማረፊያ የሚሆነው፣ ቀድሞ ለዚያ የታሰበ ቢሆን ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ ያለፉትን ነገር ማንሣት እፈልጋለሁ። የተወሰደው የፌሪ ሜዳ ብቻ አይደለም። የሂትሮው መንደር ነዋሪዎች በአጭር ማስጠንቀቂያ ከቤታቸው እንዲወጡ ተደርጓል፤ ቤቶቹና የእርሻ ግቢዎቹ ፈርሰዋል፤ ለብዙ ትውልድ ሲለማ የኖረው አፈር በኮንክሪት ተሸፍኗል። በ1944 የአርኪኦሎጂ ባለሙያው ዊልያም ግራይምስ ግንባታው ከመድረሱ በፊት በችኮላ ቆፍረው የብረት ዘመን ሰፈርና ቤተ መቅደስ አሻራ አግኝተው መዝግበዋል፤ ሰው በዚያ መሬት ላይ ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ ኖሯል ማለት ነው። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ነው እየተባለ ሲወሰድ የሚሆነውን እኛ ከማንም ባልተናነሰ እናውቃለን፤ ስለዚህ የሌላ አገር ገበሬ ሲነቀል «መሥዋዕት» ብለን በአንድ ቃል ልናልፈው አይገባንም። መሥዋዕት የሚባለው ሰው እያወቀ የሰጠው ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች የተነገራቸው ምክንያት እውነት አልነበረም።

አንድ ነገር ለጸሐፊው አምናለሁ። ለንደን አዲስ ማረፊያ ያስፈልጋት ነበር። የቀድሞው የለንደን ማረፊያ ክሮይደን በቤቶች ተከብቦ ሊሰፋ የማይችል ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ የመጡት ከባድ አውሮፕላኖችም ረጅምና ጠንካራ ማኮብኮቢያ ይፈልጉ ነበር። ሂትሮው ሜዳ፣ ጠጠራማ፣ ከከተማው በጥሩ መንገድ የተገናኘ ስለ ነበር ምርጫው በቴክኒክ ረገድ የማይሆን ነበር የሚል ክርክር የለኝም። የእኔ ክርክር ይህ ፍላጎት በስሙ ተጠርቶ፣ በአደባባይ ተመርምሮ፣ በሕጉ መሠረት መፈጸም ነበረበት የሚል ነው።

ካሳው «በጊዜው» ተከፈለ የሚለው አራተኛ ነጥብ ረጅም መልስ አይፈልግም። ሪቻርድ ፌሪ ቦታው ሲወሰድ በዋሽንግተን ለብሪታንያ መንግሥት የአውሮፕላን ግዢ ሥራ እየመሩ ነበር፤ ለአገራቸው እየሠሩ ሳለ የራሳቸው ሜዳ ተወሰደባቸው። በጽሑፍ ያሰሙት ቅሬታም መንግሥት የግል ኩባንያዎች አርቀው አይተው ያበጁትን ማረፊያ በኃይል መውሰድ የራሱን ከመሥራት ይልቅ እንደሚቀለው የሚገልጽ ነበር። ኩባንያው የሙከራ ሥራውን ወደ ሄስተን፣ በ1947 ደግሞ ወደ ዋይት ዋልተም የሣር ማረፊያ አዛወረ። የካሳው ጉዳይ ተጓትቶ የተቋጨው በ1964 ነው፤ መጠኑም 1.6 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ከተወሰደ 20 ዓመት ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ፌሪ በ1956 አርፈዋል፤ የአውሮፕላን ሥራቸውም በ1960 ዌስትላንድ ወደ ተባለው ሌላ አውሮፕላን ሠሪ ኩባንያ ተዛውሯል። ባለቤቱ ካሳውን ተቀብሎ ተሰናበተ የሚለው አባባል እንግዲህ በምንም መንገድ አይቆምም።

ከሁሉ የከፋው ነገር ግን የአድራጊው ማንነት ነው። በ1928 ፌሪን ከኖርዝሆልት ያስወጣው የአየር ሚኒስቴር ነው፤ እሳቸውም በሚኒስቴሩ ትእዛዝ ምትክ ፍለጋ ወጥተው፣ በራሳቸው ገንዘብ መሬት ገዝተው፣ ደልድለው፣ ሣር አልምተው ሲጨርሱ፣ ከ16 ዓመት በኋላ መጥቶ የወሰደው ያው ሚኒስቴር ነው። ጸሐፊው የ1928ቱን መውጣት ሳይጠቅሱ የ1944ቱን ብቻ ሲተርኩ የግል ሜዳው ከየት እንደ መጣ አንባቢው አያውቅም፤ ሳያውቅም ፌሪን የሕዝብን ጥቅም የተቃወመ ባለ ሀብት አድርጎ ለመሳል ይቀልለዋል።

የቀረው ሜዳው ለዛሬው ሂትሮው ምንም አላበረከተም የሚለው ነው። የመንግሥት ሰዎች ዓይናቸውን ወደዚያ ያማተሩት ቦታው ለበረራ የተመቸ መሆኑን የፌሪ ሜዳ 14 ዓመት በሥራ ስላሳየ ነው። መሬቱ በክረምት እንዴት እንደሚሆን፣ ጉም ምን ያህል እንደሚተኛበት፣ ውሃው ወዴት እንደሚወርድ የሚታወቀው በአንድ ቀን ቅየሳ ሳይሆን በየዕለቱ አውሮፕላን እያስነሡ ነው። የፌሪ ሐንጋርም ወዲያው አልፈረሰም፤ አዲሱ ማረፊያ የእሳት አደጋ ጣቢያ አድርጎ ሲጠቀምበት ቆይቶ በ1964 ነው የፈረሰው። ካሳው በተከፈለበት ዓመት መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

ከዚህ ሜዳ የተነሣ አንድ አውሮፕላን ደግሞ ወደ እኛ አገር ደርሷል። ፋየርፍላይ የተባለው ተዋጊ አውሮፕላን ናሙና ታኅሣሥ 22 ቀን 1941 ከግሬት ዌስት ኤሮድሮም ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ፤ በ1950ዎቹ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አየር ኃይል እነዚህን አውሮፕላኖች ገዝቶ የኢትዮጵያ አብራሪዎች በርረውባቸዋል። ጸሐፊው ለኢትዮጵያውያን አንባቢያን ሲጽፉ ይህን ቢያውቁ ሜዳውን እንዲህ በቀላሉ አያልፉትም ነበር ብዬ አስባለሁ።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የማረም ሐሳብ ካላቸው፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማረም ቢያዳግታቸው እንኳ ሦስተኛውን ነጥብ እንዲያስቀድሙ በአክብሮት እጠይቃለሁ። «ጦርነቱ አስገደደ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ወጥቶ «የጦርነት ሥልጣን ለሲቪል ዓላማ ዋለ፤ ይህንንም ያደረጉት ባለሥልጣን በ1973 አምነዋል» የሚል ቢገባበት፣ ከሱ በታች ያሉት አንቀጾች በሙሉ ሌላ መልክ ይይዛሉ።